የመስታወት በረንዳዬን በብሎኬት ያስደፈንኩ ለት

ወገን፣ ዛሬ የሆንኩትን ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ። ስክሪንሾት የለም! ካለፈው ስክሪንሾት ገና አላገገምኩም።

የትኛው ስክሪንሾት? ቆይ፣ እንደርስበታለን።

መጀመሪያ የሐሙሱን ፖስቴን አስታውሱ። አዎ፣ ያ በረንዳዬ ላይ ብሎኬት ሲደረደር የሚያሳየው ፎቶ። «ከዛሬ ጀምሮ ሲኒማው ተዘግቷል! ተመልካቾች በሙሉ ወደየቤታችሁ!» ብዬ የጻፍኩበት። ሳቃችሁ። «አንቺ ልጅ ገደልሽን» አላችሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ላይክ ዘንቦልኝ አያውቅም።

ዛሬ ሳቁ ዞሮ ወደ ባለቤቱ መጥቷል። ተቀመጡ።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፤ ሰብለ እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ። አሶሳ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። አባዬን አምና ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ሲደክም ወደ እኔ አመጣሁት። ከዘራ ይዞ ጥቂት ጥቂት ይራመዳል። ንግግሩ ግን ዘገየ። አንድ ቃል ያወጣና ሁለተኛውን ፍለጋ ይሄዳል። ፈልጎ እስኪመለስ እኔ ወሬውን ጨርሼለት፣ መልሱንም ሰጥቼ፣ ወጥ ቤት ገብቻለሁ።

እያገዝኩት ነበር እኮ! እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

እኔ ሥራ ስሄድ አባዬ ብቻውን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ በባጃጅ ብቅ እላለሁ፣ ከዚያ እስከ ማታ ድረስ የለሁም። ታዲያ ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ምን እያየ ይዋል? የደሴ ሰው ጭንቅላት ይህን ሲጠየቅ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። ፀሐይ! እኛ አገር ጭጋጉ ገለጥ ካለ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ደጅ ይወጣል።

ስለዚህ የፊት በረንዳዬን ከወለል እስከ ጣሪያ በመስታወት አሳጠርኩት። ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ «ሰንሩም» ይለዋል። እኔም ሰንሩም አልኩት። ሰፈሩ ሌላ ስም ነበረው፤ እሱን ኋላ ነው የሰማሁት።

የሠራሁት ክረምት ላይ ነው። ስህተቱ እዚያ ላይ ነው! የአሶሳ ዝናብ መስታወቱን ሲመታ፣ አባዬ ጋቢውን ደርቦ ከውስጥ፣ እኔ ከጎኑ ሴልፊ። እንዴት ያምር እንደነበር!

ከዚያ ክረምቱ ወጣ።

ማንም አልነገረኝም እንዳልል ተነግሮኛል። ጋሽ ሰይድ የሚባል ግንበኛ አለ፤ ቤተሰቡ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ መጥቶ እዚሁ አሶሳ ዙሪያ አምባ ከሚባሉት የሰፋሪ መንደሮች በአንዱ ያደገ። መስታወቱ ሲገጠም በመንገድ እያለፈ ቆሞ አይቶት፣ «እዚህ አገር ፀሐይ አትጋበዝም፣ ራሷ ትገባለች» ብሎኝ ነበር። እኔ ቅናት መሰለኝ። በብሎኬት ስላላሠራሁት!

የካቲት ላይ ሰንሩሙ ዳቦ ቤት ሆነ። አባዬ መጀመሪያ ጋቢውን ጣለ፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ቀጥሎ ሸሚዙን። መጋቢት ሲገባ በካናቴራ ነበር የሚውለው። ጥግ ላይ ያስቀመጥኩት አበባ ሙቀቱን መቋቋም አቅቶት አንገቱን ደፋ። የፕላስቲክ አበባ ነው! የእውነተኛውማ ነፍሱን ይማር።

ደግሞ በመንገዳችን ላይ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ቤት የኔ ብቻ ነው። ሁለት እንግዳ ሰዎች ኬክ ቤት መስሏቸው ገብተው ተቀምጠው ያውቃሉ። አንደኛው አባዬን ማኪያቶ አዞታል። ለካ ሰፈሩም «ኬክ ቤቱ» ነበር የሚለው።

መጋረጃ ሰቀልኩ። አባዬ በከዘራው ጎትቶ ይከፍተዋል። እዘጋለሁ፣ ይከፍታል። ጠዋት ዘግቼ እሄዳለሁ፣ ምሳ ሰዓት ስመጣ ተከፍቷል። ሙቀቱን ወዶት ነው ብዬ ተውኩት። ሰው በላብ እየተጠመቀ መጋረጃ ሲከፍት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ አላለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እማ ሐዋ!

እማ ሐዋ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ ያሉት ጎረቤቴ ናቸው። የመንጌ ወረዳ ሴት። የቤታቸው ቋንቋ በርታ ነው፣ አማርኛን በትልቅነታቸው ነው የለመዱት፤ እኔን «አንተ» ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ላስተካክላቸው ሞክሬ ነበር። አሁን ማንም «አንቺ» ሲለኝ የቀዘቀዘብኝ ይመስለኛል።

ታዲያ እኚህ ሴትዮ ማንጎ ዛፋቸው ሥር ወንበር አላቸው። ድሮ ወንበሩ ወደ መንገዱ ነበር የዞረው፤ ሰው ያልፋል፣ ሰላም ይባባላሉ። ከየካቲት ወዲህ ግን ወንበሩ ዞረ። ወደ እኔ ቤት! ጠዋት ስወጣ እያዩ ነው። ምሳ ሰዓት ስመጣ እያዩ ነው። ባሚያ እየከተፉ ዓይናቸው እኔ ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን እየተተኮስኩ ቀና ስል ያው ናቸው፣ እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

ከዚያ በኋላ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ የማወራው ስለ እማ ሐዋ ብቻ ሆነ። ሙቀቱን እንኳ እችለው ነበር፣ ዓይኑን ነው ያልቻልኩት እያልኩ። «ፕራይቬሲ የሚባል ነገር አያውቁም!» አልኩ። አፌን ሞልቼ።

እናም በዚህ ሳምንት የዓመት ፈቃድ ወጥቼ ጋሽ ሰይድን አስጠራሁት። መስታወቱ ተነቀለ። ብሎኬት መጣ።

ጋሽ ሰይድ መስኮቱ የት እንደሚሆን ጠየቀኝ። መስኮት የለም አልኩት። ሙሉ ለሙሉ? አለኝ። ሙሉ ለሙሉ አልኩት፤ ከላይ ትንንሽ የአየር ቀዳዳ ይበቃል። ማንጎ ዛፉን አየ፣ አባዬን አየ፣ እኔን አየ። «አብሽሪ፣ እንዳልሽ» አለና ሲሚንቶውን ማማሰል ቀጠለ።

አባዬም የዚያን ዕለት ከወንበሩ ሆኖ ጠራኝ።

«ሰብልዬ፣ መስኮቱ...» አለ።

አዎ አባዬ፣ አቧራው ነው፣ ዛሬና ነገ ያልቃል አልኩት።

«አይደለም... ሴትየዋ...»

አዎ፣ ከእንግዲህ አታይህም፣ ተገላገልክ አልኩትና ግንባሩን ሳምኩት። ሳምኩት እኮ!

ሐሙስ ግድግዳው ደረት ሲደርስ ያንን ፖስት ለቀቅኩ። አርብ ግድግዳው አለቀ። ዛሬ ቅዳሜ ጋሽ ሰይድ የውስጡን እየለሰነ ነበር። አንዷን መሐል ላይ ያለች ቦታ ግን አልነካትም። ለምን ስለው «ትድረቅ» አለኝ። እኔም «ባለሙያ ነው» ብዬ አለፍኩ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ።

ሸህ ኑር ናቸው። ሸህ ኑር የሰፈራችን አስታራቂ ናቸው፤ ባልና ሚስት፣ ከብትና እርሻ፣ ሁሉም እሳቸው ጋ ነው የሚያልቀው። ከኋላቸው ሁለት ጎረቤቶች። ከነሱ ኋላ እማ ሐዋ፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሰፌድ ሙሉ ማንጎ ይዘው።

ምን መሰለኝ? ለግድግዳዬ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ የመጡ!

አስጎበኘኋቸው። ወገን፣ እንደ ሙዚየም ነው ያስጎበኘኋቸው! «ይኸው ሸህ፣ አንኳኩት» አልኳቸው። ሰው አክባሪ ስለሆኑ አንኳኩት። ጠንካራ ነው አሉ። ውፍረቱን ነገርኳቸው። ቀዝቃዛነቱን በእጃቸው እንዲዳስሱ አደረግኩ። ይባስ ብዬ «አሁን ገና ነፃነት ተሰማኝ» አልኩ። እማ ሐዋ አጠገቤ ቆመው!

ጋሽ ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያኔ መባነን ነበረብኝ።

ተቀመጡ። ሸህ ኑር እጃቸውን ዘርግተው አጭር ዱዓ አደረጉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ የመጣነው ለይቅርታ ነው። እኛ ዘንድ ሰው በጎረቤቱ ፊት ግንብ ሊያቆም ሲል ቀድሞ ይነጋገራል። ሳይናገር ካቆመ ተቀይሟል ማለት ነው። የበደልንሽን ንገሪንና እንካስሽ።»

እኔን! እነሱ! ሊክሱኝ!

ኧረ ምንም፣ ሙቀቱ ነው እንጂ ምንም የለም ብዬ ሳቅኩ። ሸህ ኑር አልሳቁም። ከኪሳቸው መነጽራቸውን አወጡ። ከሌላኛው ኪስ ስልካቸውን አወጡ።

ስክሪንሾቱ።

የእማ ሐዋ የልጅ ልጅ ረምላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ፎሎወሬም ናት፣ ዛሬ ነው ያወቅኩት። ረምላ፣ እያነበብሽ ከሆነ ሰላም ብዬሻለሁ።

ሸህ ኑር ፖስቴን ጮክ ብለው አነበቡት። ቀስ ብለው፣ አንድም ሳያስቀሩ። ሲኒማውን፣ ተመልካቾቹን፣ ወደየቤታችሁ የሚለውን። ሲጨርሱም መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ከዚህ ቀጥሎ የሚስቅ ፊት አለ» አሉ። ቆም ብለው፣ «ሌላም የሚስቅ ፊት አለ» አሉ። «ሦስተኛው ከሳቁ ብዛት እያለቀሰ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ወለሉንም ጋሽ ሰይድ ነው ያስተካከለው፣ የትም አትሰነጠቅም።

ከዚያ እማ ሐዋ ተናገሩ። በስድብ ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው።

«ወላሂ እኔ አንተ አላየሁም» አሉኝ። «አንተ ምን አለው? እኔ አባትህ ነው የማየው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት ላይ አንድ ቀን ጠዋት እኔ ሥራ ነኝ። አባዬ በዚያ በተረገመ መስታወት ውስጥ ሙቀቱ መታውና ከወንበሩ ተንሸራትቶ ወደቀ። እማ ሐዋ ከማዶ አዩት። ባሚያቸውን ጥለው መንገዱን አቋርጠው ገቡ። ወደ ጥላው ጎተቱት፣ ራሱን በውሃ አራሱት፣ እስኪነቃ ድረስ ደግፈው ያዙት። ሲነቃ አባዬ አንድ ነገር ለመናቸው። ለልጄ እንዳትነግሪያት፣ ሥራዋን ትለቃለች ብሎ።

እሳቸው አልነገሩኝም። ወንበራቸውን አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ አባዬ የሆነ ነገር ሲፈልግ ከዘራውን ከፍ ያደርጋል፣ እማ ሐዋ መንገዱን ይሻገራሉ። ውሃ ሲፈልግ። ሽንት ቤት ድረስ ድጋፍ ሲፈልግ። አንዳንዴም ምንም ሳይፈልግ፣ እንዲሁ ሲከፋው። እሱ ቋንቋው ዘግይቷል፣ እሳቸው አማርኛቸው አጭር ነው፤ ሁለቱም አይቸኩሉም፣ ስለዚህ ይግባባሉ።

መጋረጃው ለምን እንደሚከፈት አሁን ገባችሁ? ለኔም አሁን ነው የገባኝ!

ምሳ ሰዓት ስመጣ ብርጭቆው ታጥቦ አገኘው ነበር። ማንጎው ተልጦ፣ ተቆራርጦ፣ ሳህን ላይ። በአንድ እጁ! ብዬ ተደንቄ ፖስት አድርጌያለሁ፣ ትዝ ይላችኋል? «አባዬ ራሱን ችሏል! ተስፋ አትቁረጡ!» ብያችሁ ነበር። ስንቶቻችሁ ናችሁ ኢንስፓየር ሆንን ያላችሁኝ። ይቅርታ። የእማ ሐዋ ቢላዋ ነው ኢንስፓየር ያደረጋችሁ።

እማ ሐዋ ግድግዳውን አዩት። ከወለሉ እስከ ጣሪያው።

«ሰኞ አንተ ሥራ ትሄዳለህ» አሉኝ። «አባትህ ከዘራ ያነሳል። ማን ያየዋል?»

ጋሽ ሰይድ የሚለስንበትን ማንኪያ መሬት ላይ አስቀመጠ።

በዚህ ቦታ ቀልድ ማስገባት ነበረብኝ፣ የለኝም። እኔ ሲኒማ እያልኩ የተሳለቅኩበት ዓይን አባቴን በሕይወት ያቆየልኝ ዓይን ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ዓይን ፊት ግንብ አቁሜ፣ ፎቶ አንስቼ፣ የሚስቅ ፊት ደርድሬበታለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል እሰማ ነበር፣ እኔ ግን ወርቁን በብሎኬት ደፈንኩት።

ወደ አባዬ ዞርኩ። ለምን አልነገርከኝም? አልኩት።

አፉን ከፈተ። የመጀመሪያው ቃል ሊመጣ ሲል ልማዴ ሆኖ ልጨርስለት ተነሳሁ፤ ሸህ ኑር አንድ ጣታቸውን አነሱ፣ ዝም አልኩ። ጠበቅኩ። ረጅም ነበር። አባዬ ለካ ቃሉን ሲፈልግ በግራ እጁ ጉልበቱን ያሻሻል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ይህን ሁሉ ጊዜ አብሬው ኖሬ አይቼው አላውቅም።

«ነገርኩሽ» አለኝ በመጨረሻ። «አንቺ... ጨረስሽልኝ።»

እማ ሐዋ ጉልበት ላይ ወደቅኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸው ትከሻዬን ይዘው ወደ ላይ ጎተቱኝና «ተነሳ፣ ተነሳ፣ ልብስህ ሲሚንቶ ነው» አሉኝ። የክት ልብሳቸው እኮ ነው! ለኔ ያዘኑ መስሎኝ ነበር።

ለእኔም ለልብሳቸውም ነው ያዘኑት መሰለኝ።

ሸህ ኑር ፈረዱ። ግድግዳው ይቁም፣ ሙቀቱ እውነት ነው አሉ። ግን መስኮት ይውጣለት፣ ከማንጎ ዛፉ ሥር እስከ አባትየው ወንበር የሚያሳይ። እሺ አልኩ። ግን እንዴት? ያለቀ ግድግዳ ነው፣ በመዶሻ ሲመታ ከላይ ያለው ቢናድስ? ሲሚንቶው ጠጥሯል፣ ሰኞ ደግሞ ደርሷል። ጋሽ ሰይድን አየሁት።

እጁን በሱሪው ጠረገ። «አብሽሪ» አለና ያቺን «ትድረቅ» ያላትን ቦታ በመዳፉ ገፋ አደረጋት። አንድ ብሎኬት ተነቃነቀ። በሁለት እጁ ሳብ አድርጎ እንደ ዳቦ አወጣው።

ውስጡ ሲሚንቶ የለም! ባዶውን ነበር የደረደረው። ከውጭ በኩል ብቻ መጋጠሚያውን ቀባ ቀባ አድርጎታል፣ እኔም ያንኑ ነው በኩራት ፎቶ አንስቼ የለቀቅኩላችሁ። ከላዩ ብረትና ኮንክሪት አግድሞበት ነበር፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ እኔ ስልኬ ላይ ላይክ ስቆጥር።

«ረቡዕ ከመሰላሉ ላይ ሆኜ አየኋቸው» አለ ጋሽ ሰይድ። «አባትሽ ከዘራውን ያነሳል፣ እሳቸው ከማዶ ይነሳሉ፣ አንቺ ቤት እንዳለሽ ሲያዩ ይቀመጣሉ። ሰው ተናዶ ያዘዘው ግድግዳ ሁልጊዜ መስኮት ይጎድለዋል። ስትበርጂ ትጠሪኛለሽ ብዬ ነው።»

ብሎኬቶቹን አንድ በአንድ አወጣቸው፣ ሸህ ኑርና ሁለቱ ጎረቤቶች እየተቀበሉት። ብርሃን ገባ። መንገዱ ታየ፣ ማንጎ ዛፉ ታየ፣ ወንበሩ ታየ።

አባዬ ወዲያው ከዘራውን ከፍ አደረገ። ለባዶው ወንበር!

«እዚህ ነኝ» አሉት እማ ሐዋ ከኋላው ሆነው።

አባዬ ዞሮ ሲያያቸው የሳቀውን ሳቅ ስትሮኩ ከመታው ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ማንጎ በሉ። ክፍሉ ደግሞ አልዋሻችሁም፣ ቀዝቃዛ ነው። እማ ሐዋ ግድግዳውን ዳሰስ አድርገው ጥሩ ግድግዳ ነው አሉ። ለመስኮቱ ፍሬም እስኪሠራለት መጋረጃውን ሰቅዬበታለሁ። የሚከፍተውም የሚዘጋውም አባዬ ነው።

ካሳውስ? አልኩ። ማንጎውን ያመጡት እነሱ፣ የበደልኩት እኔ። ሸህ ኑር ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡበት። ያንን ፖስት ላጥፋው? ብዬ ጠየቅኳቸው። አታጥፊው አሉኝ። «ሰው ገበያ ላይ የተናገረውን ጓዳ ገብቶ ይቅርታ አይጠይቅም። በጻፍሽበት ቦታ ጻፊ።»

እና ይኸው፤ የምታነቡት ነገር የሽማግሌ ውሳኔ ነው። ነገ ከሰዓት ረምላ ማንጎ ዛፉ ሥር ጮክ ብላ ለእማ ሐዋ ታነብላቸዋለች፣ ሸህ ኑርም ይሰማሉ። ለዚህ ነው ዛሬ አንድም የሚስቅ ፊት ያላስገባሁት!

እማ ሐዋ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። ልቤ ሳይጨነቅ ነው የምገባው፣ ከየካቲት ጀምሮም ሳይጨነቅ የኖረው በእርስዎ ነበር፣ አላወቅኩም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። «አንተ» ማለትዎን እንዳያቆሙብኝ።

እናንተስ፣ ሐሙስ አብራችሁኝ የሳቃችሁ? ፊት ለፊታችሁ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ቤታችሁን የሚያየውን ሰው፣ ማንን እንደሚያይ አንድ ቀን ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

እኔ ከመጠየቅ ብሎኬት መግዛት ነው የቀለለኝ።